የቢቸና እንዶድና የባሕሩ ፍጥረት

ሞጣ፣ የካቲት 21 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለወንድሜ እናት፣

እንደምን ሰነበቱ እማማ? ጾሙን እንዴት ያዙት? ዘንድሮ በእናንተ በኩል ውርጩ በርትቶ ባቄላውን እንደመታው ሰምቻለሁ። ጤፉስ ደኅና ገባልዎት? ያቺ ግንባሯ ነጭ ላም ወለደች? ጎረቤቶችዎ፣ የንስሐ አባትዎ፣ ማኅበርተኞችዎ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከቀኝ ጆሮዬ በቀር ደኅና ነኝ።

የእጅ ጽሕፈቴን ስለማያውቁት ማን ይሆን ብለው እንዳይደነግጡ አስቀድሜ ልንገርዎት። ዓምና ለጥምቀት ከልጅዎ ከአካለ ወልድ ጋር መጥቼ ቤትዎ አራት ቀን የሰነበትኩት የሞጣው ልጅ ነኝ። ረጅሙና ቀጭኑ፤ እርስዎ “ይህንንስ ባሕሩ ሳይሆን ነፋሱ ነው የሚወስደው” ብለው የሳቁብኝ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎት ደግሞ እኅቴ ባንቺዓለም ናት። ለገበያ ስትመጣ ቤትዎን ጠይቃ እንድትገባ፣ ከእጅዎ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ ነግሬያታለሁ። መሠረተ ትምህርት ገብተው ፊደል መለየትዎን፣ ከዚያም አልፈው ዳዊት መድገም መጀመርዎን አካለ ወልድ በየሄደበት ሲያወራው ስለሰማሁ፣ ፊደሌን አጉልቼ ቃላቱን አራርቄ ጽፌዋለሁ። እባክዎ ለማንም አያስነብቡት። ቢዘገይም ራስዎ ያንብቡት። ያልገባዎት ቦታ ካለ ትተውት ይለፉና በማግሥቱ ይመለሱበት።

በለቅሶው ላይ አልተገኘሁም። ይህን እንደ ታዘቡኝ አውቃለሁ። በኅዳር የልጅዎ የመርዶ ወረቀት በቀበሌው በኩል ሲደርስዎት እኔ ምጽዋ ሐኪም ቤት ተኝቼ ነበር። በታኅሣሥ መጨረሻ ለአገልግሎት አይሆንም ተብዬ ተሰናበትኩና ሞጣ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ወደ ቢቸና ልመጣ መኪና ተሳፍሬ፣ ሁለቱንም ጊዜ ደብረ ወርቅ ላይ ወርጄ ተመልሻለሁ። ሾፌሩ በሁለተኛው ጊዜ “አንተ ሰው፣ ምን ረስተህ ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? ደጅዎ ስደርስ ቆሜ ማልቀስ አለብኝ። ያንን ልቅሶ እንዴት አድርጌ እንደማለቅሰው አላወቅሁም።

ወረቀቱ የሚለውን ያውቁታል። ሁለት መስመር ናት። እኔ የምጽፍልዎት ከሁለቱ መስመር በፊት ስለነበረው ነው። ነገሬ ስለ እንዶድ ስለሆነ፣ ሰውየው ምን ነክቶት ነው ብለው እንዳይተውኝ። እስከ መጨረሻው ይታገሡኝ።

ዓምና ከቤትዎ ወደ ሥራችን ልንመለስ ስንል ነጭ ልብሳችንን ተቀብለው አዩና “ይህን ልብስ ሳሙና አላጠበውም፣ አባብሎታል እንጂ” ብለው ወደ ወንዝ ወረዱ። በእንዶድ አጥበው ሲያመጡልን፣ እኔ በሦስት ዓመት አገልግሎቴ እንደዚያ የነጣ የባሕር ኃይል ልብስ አላየሁም። ስንሄድም የደረቀ የእንዶድ ፍሬ በአንድ ከረጢት ሞልተው ሰጡን። አካለ ወልድ መንገድ ላይ ከረጢቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ስለዚያ ስለ አጥራችሁ ሥር ቁጥቋጦ ሲያወራልኝ ነበር የሄድነው። አባቱ የኔታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የአጥሩን ድንጋይ አፈረሰብኝ እያሉ ሦስት ጊዜ ከሥሩ እንደ ቆረጡት፣ ሦስት ጊዜም እዚያው እንደ በቀለ፣ በመጨረሻ “ይህስ የአንቺ ዘመድ ነው” ብለው ለእርስዎ እንደ ተዉልዎት ነግሮኝ ሳቅን።

የነበርንባት ደሴት ከምጽዋ ግማሽ ቀን በጀልባ የምታስኬድ፣ ዛፍ የሌለባት፣ ድንጋይና አሸዋ ብቻ የሆነች ናት። የሚጠጣ ውኃ በሳምንት አንድ ጊዜ ነው የሚመጣልን። ልብስ የምናጥበው በባሕሩ ውኃ ነው። ሳሙና ደግሞ በጨው ውኃ አረፋ አይሰጥም፤ እንደ እርጎ ተቆራርሶ ይቀራል። የእርስዎ እንዶድ ግን በዚያ ውኃም አረፋ ሰጠ። የእኔና የእሱ ልብስ ብቻ በሰልፉ መካከል እንደ በረዶ ሲታይ፣ ሣህለ ማርያም የሚባል ደግ የክፍል ኃላፊ ነበረን፣ ጠጋ ብሎ ምሥጢራችንን ጠየቀን። አካለ ወልድ አንድ እፍኝ ሰጠው። ከዚያማ ሁሉም ጠየቀ። ከረጢቱ ሰኔ ላይ አለቀ።

በደሴቷ ላይ ጥቂት ዓሣ አጥማጆች ከነቤተሰባቸው ይኖራሉ። እስላሞች ናቸው፤ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ከእነሱ አንዱ ሽማግሌ ከአካለ ወልድ ጋር ይዋደዱ ነበር። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው መቼም ቋንቋ አይከብደውም፣ የሳቸውን ቋንቋ ከኔ በፊት ለምዶ ነበር። እሳቸውም መዋኘት ያስተማሩት ሰው ናቸው። መጀመሪያ ስንሄድ ሁለታችንም ከጉልበታችን በላይ ውኃ አንገባም ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት ግን እሱ ከዓሣ አጥማጆቹ ልጆች ጋር ይወዳደር ጀመር። ይህን በደንብ ልብ ይበሉልኝ። በጣም ነበር የሚዋኘው።

እንግዲህ አንድ ቀን ጠዋት ባሕሩ ሸሽቶ ድንጋዮቹ መካከል ውኃ ባቆረባቸው ጉድጓዶች አጠገብ እየሄድን ሳለ፣ ሽማግሌው ከውኃው ውስጥ አንድ ነገር አንሥተው በሻካራ ድንጋይ ላይ ሲያሹት አየን። ለቡሄ የሚጋገረውን ሙልሙል የሚያክል፣ ጥቁር፣ ዓይን የሌለው፣ እግር የሌለው፣ ራሱና ጅራቱ የማይለይ ፍጥረት ነው። የአማርኛ ስሙን አላውቀውም፤ ያለውም አይመስለኝም። አሽተው አሽተው የወጣውን ፈሳሽ ጉድጓዱ ውስጥ ጨመሩት። ውኃው አረፋ ለበሰ። ትንሽ ቆይተው ትንንሾቹ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው መንሳፈፍ ጀመሩ።

አካለ ወልድ ክንዴን ይዞ “እንዶድ ነው! ይህ እኮ እንዶድ ነው!” ብሎ ጮኸ። ሴቶች ልብስ አጥበው ከተነሡ በኋላ ከወንዙ ታች ዓሣ ሰክሮ ሲንሳፈፍ በልጅነቱ አይቶ ነበር። እኔም ሞጣ አይቻለሁ፤ ግን አላስታወስኩትም ነበር። እሱ ወዲያው ካልሲውን አውልቆ በዚያ አረፋ አጠበው። ካልሲው ነጣ። በደስታው መጠን እጁን ሳይታጠብ በመዳፉ ፊቱን ጠረገ።

እማማ፣ ያን ቀን ከደረሰብኝ ድንጋጤ እስከ ዛሬ የሚበልጥ አላየሁም። ዓይኑ ተቃጠለ፣ አብጦ ተዘጋ። የሕክምና ባለሙያ በደሴቷ ላይ አልነበረንም። ሽማግሌው ሮጠው መጥተው በመጠጥ ውኃ፣ በመጠጥ ውኃ ብቻ አጥበው አሉኝ። የሳምንቱን ውኃዬን አፈሰስኩለት፤ የሱም አለቀ፤ ሣህለ ማርያም የራሱን ሰጠን። ሁለት ቀን ሙሉ እጁን ይዤ መራሁት። ፈራ ወይ ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። ፈርቶ ነበር። ግን “እናቴ ይህን ብትሰማ እጅህን ሳትታጠብ ፊትህን አትንካ ብዬህ አልነበረም ወይ ነው የምትለኝ” ብሎ ያስቀኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን በሩን ለየ፣ ከዚያ ፊቴን። “አሁንም ቀጭን ነህ” አለኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያንን ፍጥረት ዳግመኛ አይነካም። እሱ ግን ደብተር አወጣ። አንዱን ገጽ “እንዶድ” ሌላውን ገጽ “የባሕሩ” ብሎ ከፈለና የሚያውቀውንና በየቀኑ የሚያየውን ይሞላ ጀመር። ሁለቱም አረፋ ይሰጣሉ። ሁለቱም ዓሣ ያደነዝዛሉ። ሁለቱንም የሚደፍራቸው የለም፤ ከብት እንዶዱን አሽትቶ ያልፈዋል፣ በባሕሩ ውስጥም ትልልቁ ዓሣ አጠገቡ ደርሶ ይመለሳል። እንዶድ ኃይሉን በፍሬው ይይዛል፣ ያኛው በቆዳው። እንዶድ ከፀሐይ ነው የሚኖረው፣ ያኛው አሸዋ እየዋጠ በውስጡ ያለውን አጥርቶ አሸዋውን ይተዋል። እኔ “እንግዲህ አንድ ናቸው፤ ፈጣሪ አንዱን ለደጋ አንዱን ለባሕር ሰጠ፤ ምን ያደክምሃል?” ስለው “አንድ አይደሉም፤ ልዩነታቸውን ገና አላገኘሁትም” ይለኝ ነበር። ያንን ልዩነት እንደ ጎደለ የቅኔ ስንኝ ነው የፈለገው።

ያገኘው በነሐሴ ነው። ሽማግሌው አንዱን ከውኃ አንሥተው ጨበጥ አድርገው ሲይዙት፣ ፍጥረቱ በድንገት የሆድ ዕቃውን እንዳለ ወደ ውጭ ጣለው። አንጀቱን ሁሉ፣ ነጭ ነጭ የሚጣበቅ ክር ከሆነ ነገር ጋር። አካለ ወልድ “ገደሉት እኮ!” አለ። ሽማግሌው ሳቁ። “ይህማ አሁን ዳነ። ጠላት ሲይዘው ውስጡን ይተውለታል። ጠላቱ በዚያ ላይ ሲረባረብ እሱ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ውስጡ ሌላ ይበቅልለታል” አሉት።

አላመነም። እንዲህ ያለ ነገር ሳያይ የሚያምን ልጅ አልወለዱም። ሳይደርቅ የሚቆይ አንድ የውኃ ጉድጓድ መርጦ ዙሪያውን በድንጋይ አጠረና ያንን ባዶ የሆነውን ፍጥረት እዚያ አስቀመጠው። በየጠዋቱ ከሰልፍ በፊት ሄዶ ያየዋል። መጀመሪያ ኩምትር ብሎ አንድ ቦታ ተኛ። አይበላም፣ አይንቀሳቀስም። ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ሦስት ሳምንት። እኔ ሞቷል ብዬ ተውኩት። እሱ ግን “ቆይ” ይላል። ዘመን ከተለወጠ በኋላ አንድ ጠዋት ጩኸቱን ሰማሁ፤ ዘብ የቆመው ጓዳችን ጠብመንጃውን አቀባብሎ ሮጠ። ደርሰን ስናይ አካለ ወልድ በጉልበቱ ተንበርክኮ ከፍጥረቱ ኋላ የተተወች አንዲት የአሸዋ ጥቅል በጣቱ ያሳየናል። “በልቷል! አዲስ ሆድ አለው!” ይላል። ዘቡ ሰድቦን ተመለሰ። እሱ ግን አጥሩን አፍርሶ ለቀቀው። በኋላ በደብተሩ ከሁለቱም ገጽ ግርጌ አንድ መስመር ጻፈ፦ “ሥር ያለው ባለበት ይድናል፤ ሥር የሌለው ሄዶ ይድናል።”

ይህቺን መስመር ነው ያነበቡበት።

በመስከረም መጨረሻ ከምጽዋ አንድ የፖለቲካ ኃላፊ መጣ። ስሙን ልተወው። የእያንዳንዳችንን ዕቃ ሲያስፈትሽ ደብተሩን አገኘና አካለ ወልድን አስጠራው። እኔም ጓደኛው ነህ ተብዬ አብሬ ቆሜ ነበር። “ሥር ያለው ማነው? ሥር የሌለውስ ማነው? ሄዶ ይድናል ማለት ወዴት ነው የሚሄደው?” ብሎ ጠየቀው። አካለ ወልድ “ጌታዬ፣ ሥር ያለው እንዶድ ነው። ሌላው የባሕር እንስሳ ነው” አለ። “የማን ልጅ ነህ?” አለው። “የቅኔ መምህር ልጅ።” “እኮ! ቅኔ ማለት ሁለት ትርጉም ማለት አይደል?” አለው ኃላፊው። አካለ ወልድም በየዋህነቱ “ይህ ግን አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ላሳይዎት” ብሎ ሮጦ ወጣና አንዱን በባልዲ ይዞ ተመለሰ። ኃላፊው በእስክርቢቶው ነካ ነካ ሲያደርገው ፍጥረቱ ሆድ ዕቃውን በጠረጴዛው ወረቀት ላይ ለቀቀበት። ክሩ እጅጌው ላይ ተጣበቀ። ከደጅ የቆሙት መርከበኞች ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። እኔም ሳቅሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ያ ሳቅ ነገሩን አባሰው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በምትመጣው ጀልባ ከነደብተሩ ወደ ምጽዋ እንዲሄድ ታዘዘ። ከእሱ በፊት በዚያች ጀልባ እንዲህ ተጠርተው የሄዱ ሁለት ልጆች ነበሩ። ዕቃቸውን ለመውሰድ እንኳ አልተመለሱም። ይህ ሁሉ ተጠይቄ የመለስኩት፣ በመዝገብ የተጻፈ ስለሆነ ለእርስዎ ብነግርዎ አዲስ ነገር አላወጣሁም።

ዓርብ ጠዋት ነው። ጥቅምት ሰባት። ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቷል። ሣህለ ማርያም ታጥበን እንድንመለስ ፈቀደልንና ወረድን። አካለ ወልድ ያንን ነጭ ልብሱን በዋዜማው አጥቦት ነበር። አወለቀው፣ አጣጠፈው፣ በድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ቀበቶውን ጠቅልሎ በላዩ አደረገ። ሰዓቱን ፈትቶ ኮፍያው ውስጥ ከተተ። ጫማውን አጋጥሞ አቆመ። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አያለሁ። “እኔ እንዶዱን ብሆን ነበር የምወደው። እዚያው እናቴ አጥር ሥር። ግን አልሆነልኝም” አለኝ። ቀጥሎ “እናቴን ስታገኛት ቀስ ብለህ ንገራት። ዕድሜዋን በቅኔ ቤት ነው የኖረችው፤ ብዙ ቃል አያስፈልጋትም” አለኝ።

ከዚያ ሳመኝ። ለዋና የሚሄድ ሰው ጓደኛውን አይስምም እማማ። እሱ ግን ሦስት ጊዜ ሳመኝና ገባ።

ሲዋኝ አየሁት። ድንጋዮቹን አለፈ። ራሱ አንዲት ቅል አከለች፣ ከዚያ ፍሬ አከለች፣ ከዚያ የዓይኔ ይሁን የባሕሩ ብልጭታ መለየት አቃተኝ። ሽማግሌው ያን ጠዋት እንደ ወትሯቸው ጀልባቸውን ይዘው ለዓሣ ወጥተው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ደሴቷ ላይ አላየኋቸውም። ስለ እሳቸው የጠየቀኝም ሰው የለም። እኔ ፀሐይዋ አናት ላይ እስክትደርስ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ተነሥቼ ለሣህለ ማርያም “ገባ፣ አልወጣም” ብዬ ነገርኩት።

ኃላፊው ሰዎቹን ይዞ መጣ። ልብሱን በረበሩት። ኪሱን ገለበጡት፣ የቀበቶውን ቀዳዳ ሳይቀር ቆጠሩ፣ የጫማውን ሶል ገነጠሉ። ሰዓቱ ቆሟል አልቆመም ብለው ተከራከሩ። ደብተሩን ከሽፋን እስከ ሽፋን እያነበቡ “ይህ ምን ማለት ነው?” ሲሉ ሦስት ቀን ዋሉ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ወደ ባሕሩ ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። እኔም ከአጠገባቸው ቆሜ ሳያቸው ሽማግሌው ስለዚያ ፍጥረት የነገሩን ትዝ አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

ለምን ቶሎ አልጮህክም ብለው ጠየቁኝ። ዋና ስለሚችል አልሠጋሁም አልኳቸው። አጠያየቃቸው ጠንከር ያለ ስለነበር የቀኝ ጆሮዬ ከዚያ ወዲህ አይሰማም። አላዝንበትም። ቃሌን የሚመዘግበው ጸሐፊ “ሰምጦ ሞተ” ብሎ ጻፈ። እኔ ያልኩት “ገባ፣ ሲወጣ አላየሁም” ነው። እውነቴን ነው፣ በዚያ በኩል ሲወጣ አላየሁም። ግን ጸሐፊው የጻፈው ላይ ፈረምኩ። ባልፈርም ኖሮ ይፈለግ ይባል ነበር።

በዚያ ፊርማዬ እርስዎ ፀጉርዎን ተላጩ፣ ከል ለበሱ፣ ሰው ተሰብስቦ ደረት መታ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እህል በአፌ አይጣፍጠኝም። ንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ “አንዲት እናት ያለ ጊዜዋ አስለቅሻለሁ” ብዬ ተናዘዝኩ። “እንዴት ያለ ጊዜዋ?” ሲሉኝ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ብልህ ሰው ናቸው፣ ደግመው አልጠየቁኝም። ሄደህ እግሯ ላይ ውደቅ አሉኝ። እኔም ደብረ ወርቅ እየደረስኩ ተመለስኩ። እንግዲህ በዚህ ወረቀት ላይ እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ልጠይቅዎ። ግራ ጉልበትዎ እንዴት ነው? የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ሲወጡ ሦስተኛው ላይ ቆም የሚሉት አሁንም ያምዎታል? ቤትዎ አራት ቀን ስቀመጥ ይህን አላወቅሁም ነበር። ያወቅሁት ባለፈው ወር ነው። ከአሰብ ጨው ጭኖ የመጣ አንድ ሾፌር ሞጣ ገበያ ውስጥ አፈላልጎ አገኘኝና “ስለ ቢቸናዋ እናት ጉልበት ጠይቅ ተብለሃል” አለኝ። ማን አለህ ብዬ ብጠይቀው እሱም ከሌላ ሰው ነው የሰማው፤ ያ ሰውም ከሌላ። ስም አልተላከም። ሕመሙን ለአንድ ሰው ብቻ እንጂ ለማንም ነግረው እንደማያውቁ ግን አብሮ ተነግሮኛል። ያ ሰው ማን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። ለእኔ አይንገሩኝ። ለባንቺዓለም “ተሽሎኛል” ወይም “አልተሻለኝም” ብቻ ብለው ይላኩብኝ፤ ሾፌሩ ከፋሲካ በፊት አንድ ጊዜ ይመለሳል። እውነቱን ይላኩ፤ እንዳያሳስበው ብለው የሌለ ጤና እንዳይልኩ።

ስለ ራሴ ብዙ የሚነገር የለኝም። የእኅቴ ባል የእህል ወፍጮ ቤት አለው፣ እዚያ እሠራለሁ። አንድ ጆሮ ለወፍጮ ቤት ይበቃል። በዚህ ወር ባንቺዓለም ሚስት ልታጨልኝ ደፋ ቀና ትላለች። እስካሁን ያሳየችኝ ሁለቱ ቀጭን ነው አሉኝ መሰለኝ።

አንድ ልመና ይቀረኛል። ተዝካሩን ከፋሲካ በኋላ ሊያወጡ እንዳሰቡ፣ ጌሾውም እንደ ተሰናዳ ሰምቻለሁ። እማማ፣ ይተዉት። ሰው ምን ይለኛል ብለው እንዳይጨነቁ በእኔ ያሳብቡ። “የሞጣው ጓደኛው እኔ ሳልኖር አይሆንም ብሏል፤ እሱ ደግሞ ዘንድሮ አይመቸውም” ይበሉ። ከርሞም ሰው ቢጠይቅዎ እንደዚሁ ይበሉ፤ ከዚያ ወዲያም ቢጠይቅዎ እንደዚሁ። እኔ ሰነፍ፣ ቃሉን የማይጠብቅ ተብዬ ብታማ ግድ የለኝም። የፈጨነውን እህል ምን እናድርገው ካሉ ለፋሲካ ጎረቤት ጠርተው ይብሉት፣ ይጠጡት። ለበዓል ይሁን እንጂ በእሱ ስም አይሁን።

ይህን አንብበው ሲጨርሱ እሳት ውስጥ ይጨምሩት። በዚህ አይዘኑብኝ፤ ቃሉ ከወረቀቱ ይልቅ እርስዎ ዘንድ ይቀመጣል። ደጅ ሲወጡም እንደ ትናንቱ ሆነው ይውጡ። ፊትዎን ሰው እንዳያነብብዎት ይጠንቀቁ፤ ይህ ከልቅሶው ይልቅ እንደሚከብድ ይገባኛል። ከቤት ሲገቡና በሩን ሲዘጉ ግን የፈለጉትን ይሁኑ።

የጾሙን ፍሬ ያብላዎት። ትንሣኤውን በጤና ያድርስዎት። የዓይንዎን ብርሃን ያቆይልዎት፤ ገና ብዙ የሚነበብ ይመጣልና። ማኅፀንዎን የባረከ አምላክ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ደጅዎን የሚመለስበት ሰው አያሳጣው።

ለቅሶ የሚደርስ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚላትን፣ እኔም ከላይ ለየኔታ ያልኳትን ቃል ስለ ልጅዎ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ፈልገው አጥተዋት ይሆናል። ረስቼያት አይደለም።

የልጅዎ ወንድም
ከሞጣ